የውሃ አባቱና የብርሃን ቦዩ

ጎበዝ ፈረሰኛ "አባ" እየተባለ የጦር ስም በሚወጣለት አገር፣ አያ ታከለ የወጣላቸው ስም "አባ ለምን" ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። የክርስትና ስማቸውን ከንስሐ አባታቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ አባ ለምንን የማያውቅ ግን ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም ቢፈለግ አይገኝም። በልጅነታቸው የአባታቸው ሣጥን ቁልፍ እንዴት እንደሚቆልፍ ለማየት ፈታትተውት፣ መልሰው መግጠም አቅቷቸው ተገርፈዋል። ጎልምሰውም አመሉ አልለቀቃቸውም። አንድ ቅዳሜ በርበሬ ሊሸጡ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወርደው፣ መንገድ ዳር ሞተሩ የተፈታ ባጃጅ ያገኛሉ። "ይህ ለምንድን ነው? ያስ?" ሲሉ ውለው በርበሬያቸውን እንደተሸከሙ ቤታቸው ገቡ። ሚስታቸው እመት እታለም ያን ቀን ያሉት ዛሬም ድረስ ይወራል፦ "የባጃጁ ነገር ገብቷቸው መጥተዋል፤ ጨው ግን አላመጡም።"

እንዲህ ያለ ሰው የውሃ አባት ሆኖ መመረጡ እንግዳ ያስቅ ይሆናል እንጂ አገሬውን አይገርመውም። በጥቁር ውሃ ወንዝ ላይ፣ አያት ቅድመ አያት በድንጋይና በጭቃ የሠሩት፣ ውሃውን ወደ ማሳ የሚመልስ ግድብ፣ ጥልፍ የሚሉት አለ። ከጥልፉ አንድ እናት ቦይ ይወጣል፤ ከእናት ቦዩ ደግሞ ወደየማሳው የሚገቡ ትንንሽ ቦዮች ይከፈላሉ። በበጋ ውሃው ለሁሉም ባንድ ጊዜ ስለማይበቃ የሚጠጣው በተራ ነው። ተራውን የሚደለድል፣ የቦዩን አፍ የሚያስከፍትና የሚያስደፍን፣ ገበሬ ከገበሬ ሲጣላ የሚዳኝ፣ የሰረቀውን የሚቀጣ አንድ ሰው ይመረጣል። የውሃ አባት የሚባለው እሱ ነው።

አያ ታከለ ከሌሎቹ የሚለዩበት አንድ ነገር ነበራቸው። የቀድሞዎቹ የውሃ አባቶች ከጥልፉ ራስ ላይ ቆመው "ክፈት! ዝጋ!" ይሉ ነበር። እሳቸው ግን ወርደው ከመጨረሻው ማሳ ግርጌ ይቀመጡና የሚደርሰውን ውሃ ያዩ ነበር። ውሃው ከቀነሰ ከዚያ ተነሥተው፣ ሽቅብ እየጠየቁ እስከ ጥልፉ ይወጣሉ። በዚህ የተነሣ ሰው ያምናቸዋል። ያመናቸውም ጠያቂ በመሆናቸው ነበር፤ ይህ ነገር ኋላ ላይ ሲያስቡት በጣም ይቆጠቁጣቸዋል።

ታዲያ ባለፈው በጋ፣ የካቲት ሲጋመስ፣ እንግዳው የሚባል ገበሬ ከስሶ መጣ። የእንግዳው ድንችና የደጊቱ ሽንኩርት ጎን ለጎን ናቸው፤ በመሐላቸው ያለው ድንበር ሰው ባንድ እርምጃ የሚሻገረው የአፈር ግድብ ብቻ ነው። ደጊቱ ባሏ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ ከቀረ ወዲህ ማሳዋን ብቻዋን የምትይዝ ሴት ናት። ምላሷ ስለት አለው፤ ይህም ወዳጅ አላበዛላትም።

"አያ ታከለ፣ የእኔ ተራ በዋለ ቁጥር የእሷ ማሳ ረጥቦ ይገኛል፤ የእኔ ውሃ ግን ከማሳዬ ግርጌ ሳይደርስ ያልቃል። ነገሯ ቢያዩኝ እስቅ ባያዩኝ እሰርቅ ሁኗል" አለ እንግዳው።

አያ ታከለ አድማሴ የሚባሉትን ሽማግሌ አስከትለው ሄደው አዩ። የደጊቱ ተራ ገና ነበር፤ በድንበሩ በኩል ያለው ትልሟ ግን ጨቅይቷል። የቦይዋ አፍ ተደፍኗል፤ የተደፈነበት ጭቃ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ትኩስ ነው። እግሯም በዙሪያው ታትሟል። ማሳው የራሷ ነው፤ የማን እግር ሊታተም ኖሯል? ይህን ጥያቄ ያን ቀን የጠየቀ የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በጥልፉ ዙሪያ ተሰበሰበ። ደጊቱ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ቆመች።

"መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው፤ የእንግዳውን ውሃ አልነካሁም። የቦዬን አፍ የደፈንሁት ጭቃው ስለተሰነጠቀ ነው። ውሃው ራሱ ነው የመጣው" አለች።

ሕዝቡ ሣቀ። "እግር አውጥቶ?" አለ አንዱ። "ከተጠራማ ምን ያርግ!" አለ ሌላው። አያ ታከለም ፈገግ አሉ። ፈገግ ማለታቸውን ደጊቱ አየች። ከዚያም ፈረዱ፦ ሁለት ተራ ተነጠቀች። ሌባ የሚለውን ቃል ማንም አላወጣውም፤ ሁሉም ግን ሰምቶት ወደየቤቱ ሄደ።

የደጊቱ ሽንኩርት ያን ሰሞን ራስ መያዝ ጀምሯል። ያን ጊዜ ሁለት ተራ የቀረበት ሽንኩርት ለገበያ አይደርስም። ሽንኩርቱ የዓመት እህሏ ነው፤ የቤት ክዳኗ ነው፤ ደጇ ላይ ቆሞ "ለማሳሽ የወንድ እጅ ያስፈልገዋል" ለሚላት ሁሉ የምትመልሰው መልስ ነው። ይህን አያ ታከለ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ግን አባ ለምን ያን ቀን "ለምን" አላሉም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ነበር የመጣላቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጃቸው ያምሮት ከቡሬ መጣች። ያምሮት ቡሬ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች፤ በዚያው ላይ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የተከራየችበት ሰፈር መብራት ጠፍቶ ሰንብቷል፤ ከጥልፉ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ግን የማንኩሳ የስልክ ማማ ፊት ለፊት ስለሚታይ ኢንተርኔቱ ጥሩ ይይዛል። ኮሌጁ ሳይዘጋ ባትሪውን ሞልታ ያመጣችውን ላፕቶፕ ከጉብታው ላይ ካለ ዋንዛ ዛፍ ሥር ዘርግታ ተቀመጠች። አባቷ ጥልፉን ሊያዩ የመጡ መስለው አጠገቧ ተቀመጡ። የመጡት ለጥልፉ አልነበረም።

"ይህ ነው እንግዲህ ሌት ተቀን የምታወሪለት?"

በላፕቶፑ ላይ ቀጫጭን መስመሮችና በተርታ የተደረደሩ ቀለበቶች ይታያሉ።

"ይኸው ነው አባየ። ቺፕ ይባላል። ከአውራ ጣት ጥፍር ያንሳል።"

"የታለ?"

"እዚህ አይደለም ያለው። ባሕር ማዶ ነው፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ። በየአገሩ ላለን ተማሪዎች ተራ ይሰጡናል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የእኔ ተራ ነው።"

ተራ የሚለውን ቃል ሲሰሙ አያ ታከለ ቀና አሉ። "ተራ አለው? ማን ነው የሚደለድለው?"

"የቤተ ሙከራው ኃላፊ።"

"የውሃ አባት አላቸው በይኛ! እና እዚህ ሁነሽ ባሕር ማዶ ያለውን ታዢዋለሽ?"

"አዝዘዋለሁ።"

"ይሰማሻል?"

"አብዛኛውን ጊዜ ይሰማኛል።"

"ጉድ እኮ ነው! እኔ እዚህ ተቀምጬ ከዚያ ማሳ ላይ ያለውን ሰው ማዘዝ አቅቶኝ ድምፄ ይዘጋል።"

ያምሮት ሣቀች። አባቷ አንዴ ከጀመሩ እንደማይለቁ ታውቃለች፤ ተራዋም ገና ስለነበር እጇን ከላፕቶፑ ላይ አንሥታ ልታስረዳቸው ተቀመጠች።

"አሁን በዚህ አየር ላይ የማንኩሳው ማማ ያወራል። እርስዎ የሚሰሙት የሬዲዮ ጣቢያ ያወራል። የአውሮፕላኑም የሳተላይቱም አለ። ሁሉም ተደባልቆ ነው የሚመጣ። እኛ የምንፈልገውን ከማንፈልገው የምንለይበት ወንፊት ያስፈልገናል፤ ማጣሪያ እንለዋለን።"

"ከሬዲዮኑ ውስጥ የለም እንዴ?"

"አለ። የሬዲዮኑ ግን አንዴ ተሠርቶ ያለቀለት ነው፤ ለአንድ ሥራ ብቻ ይሆናል። ይኸኛውን ዛሬ ለዚህ፣ ነገ ለዚያ እያልን ከኮምፒውተር እናዝዘዋለን። ቺፑ ያው አንዱ ቺፕ ነው፤ የሚያጣራው ግን ባዘዝነው ልክ ይለዋወጣል። ደግሞም ሥራውን የሚሠራው በብርሃን ነው።"

"ብርሃን ከሬዲዮ ጋር ምን አገናኘው?"

"የሬዲዮውን ሞገድ በሌዘር ብርሃን ላይ እንጭነዋለን።"

"እንደ አህያ?"

"እንደ አህያ። ከዚያ ብርሃኑ እኒህን መስመሮች ተከትሎ ይሄዳል። መስመሮቹ ቦዮች ናቸው፤ እንደ መስታወት ካለ ነገር የተሠሩ ናቸው። ብርሃኑ ሲሄድ ከዳርቻቸው አይወጣም።"

አያ ታከለ ቁልቁል አዩ። ከእግራቸው በታች እናት ቦዩ ይንሿሿል። ብርሃን በቦይ ይሄዳል ሲባል በስልሳ ዓመታቸው የመጀመሪያቸው ነው፤ ደስ አላቸው። ደስታውን የሚመስልላቸው ነገር ቢፈልጉ አጡ።

"ቀለበቱስ?"

"ወንፊቱ እሱ ነው። ብርሃኑ ቀለበቱን ዞሮ ሲመለስ፣ አዲስ ከሚገባው ጋር እርምጃው ከገጠመ፣ ሠርግ ላይ ጭብጨባ ሲገጥም እንደሚደምቀው እየበረታ ይሄዳል። ካልገጠመ ቀለበቱ አይቀበለውም፤ አልፎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቀለበት ልኩ የሆነውን ሞገድ ብቻ ይይዛል ማለት ነው።"

"ልኩን በምን ትለውጭዋለሽ?"

"በሙቀት። ከየቀለበቱ ራስ ላይ በዓይን የማትታይ ቀጭን የብረት መስመር አለች። በኤሌክትሪክ ትሞቃለች። ቀለበቱ ሲሞቅ ብርሃኑ ውስጡ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ልኩ ይለወጣል።"

"እንግዲያ የቦዩ አፍ እሳቱ ነው" አሉ አያ ታከለ።

ያምሮት ቀና ብላ አየቻቸው። መምህሯ ይህንኑ ነገር ሲያስረዳ ሰሌዳውን በቁጥር ሞልቶት ነበር። "በቃ እንደሱ ነው" አለችና ሰዓቱ ስለደረሰ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሥራዋ ይህ ነበር፦ ቀለበቶቹን በየተራ እያሞቀች እያንዳንዳቸውን ልካቸው ላይ ማቆም። ሁሉም ልካቸው ላይ ሲቆሙ አንድ የተመረጠ ሞገድ ብቻ ተለይቶ ይወጣል። የመጀመሪያውን አቆመች። ሁለተኛውንም አቆመች፤ ቀላል ነበር። ሦስተኛውን አቁማ ወደ ሁለተኛው መለስ ስትል ሁለተኛው ከቦታው ሄዷል። መለሰችው። እሱን ስትመልስ የመጀመሪያው ሄደ። "ኤጭ!" አለች።

"ምነው?"

"ይህ ቀለበት አላስቀምጥ አለኝ። ባቆምሁት ቁጥር ይሄዳል። ቅድም ሲያናድደኝ የተበላሸ ነው ብዬ ልዘጋው ነበር።"

"ማን ነካው?"

"ማንም አልነካውም።"

"አንቺስ?"

"አልነካሁትም አባየ፤ ራሱ ነው የሞቀው።"

አያ ታከለ የሚቀጥለው ጥያቄ አፋቸው ላይ ደርሶ ቆመ። ይህን አነጋገር ሰምተውታል። ከዚሁ ከጥልፉ ዘንድ ነው የሰሙት፤ ሰው ሲሥቅ ነው የሰሙት።

"ያለሰው እጅ እንዴት ይሞቃል?" አሉ ቀስ ብለው።

"ጎረቤቱን ሳሞቀው ነዋ። በመሐላቸው ያለው ቦታ ከጸጉር ብዙም አይሰፋ። ላዩን ሲያዩት የተለያዩ ናቸው፤ ሙቀቱ ግን በሥር በሥር ይሻገራል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።"

"ታዲያ ምን ይበጃል?"

"አንዱ ሲሞቅ ጎረቤቱ ምን ያህል እንደሚሞቅ እለካለሁ። ከዚያ ለጎረቤቱ ከምሰጠው ላይ ያንኑ ያህል አስቀድሜ እቀንሳለሁ።"

"አትቀጭውም?"

"ማንን?"

"የሞቀውን።"

"ለምን እቀጣዋለሁ?" አለች ያምሮት፤ ዓይኗ ከላፕቶፑ አልተነሣም። ትንሽ ቆይታ "ኢንተርኔቱ ሄደ እኮ!" ብላ ስትዞር አባቷ አጠገቧ አልነበሩም።

አያ ታከለ በእናት ቦዩ ዳር ቁልቁል እየሄዱ ነበር። ደጊቱ ማሳዋ ላይ ጎንበስ ብላ ትኮተኩታለች። አንደኛው ተራዋ አልፏል፤ የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆኗል፣ ቅጠሉም ተኝቷል። "እንዴት ዋልሽ" አሏት። "እግዚሃር ይመስገን" አለች፤ ቀና ግን አላለችም። አያ ታከለ ከድንበሩ ላይ ቆመው አፈሩን በዘንጋቸው ጫሩት፤ ምንም አይታይም። ደረቅ አፈር ነው። የሚታየው ውሃው ሲመጣ ብቻ ነው፤ የእንግዳው ተራ ደግሞ ሰኞ ነው። እስከ ሰኞ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ሰኞ ጠዋት አንድ አቁማዳ የጤፍ እብቅ ተሸክመው ወረዱ። እንግዳው ቦዩን ከፍቶ ውሃውን ወደ ድንቹ ሲለቅ፣ እሳቸው እብቁን በእፍኝ በእፍኝ እየዘገኑ ድንበሩን ተከትሎ በሚሄደው ትልም ላይ ይበትኑ ጀመር።

"ምን እያረጉ ነው አያ ታከለ? ድንቼን ገለባ ሊያበሉት ነው?" አለ እንግዳው።

"ዝም ብለህ አጠጣ።"

ከዚያ ድንበሩን ተሻግረው በደጊቱ ማሳ በኩል ቁጢጥ አሉ። ሐቁን ለመናገር፣ እዚያ ተቀምጠው እብቁ እንዳይወጣ ተመኝተዋል። እብቁ ካልወጣ ፍርዳቸው ልክ ነው፤ ከወጣ ግን አንዲት ብቸኛ ሴት በሕዝብ ፊት አዋርደዋል። በዕድሜያቸው ሙሉ መልስ ፈላጊ የነበሩ ሰው፣ ያን ጠዋት መልሱን ፈሩ። ፀሐይዋ ጀርባቸውን እስክታቃጥል ምንም አልታየም። ደስ ሊላቸው ሲል የደጊቱ ትልም ጥግ ረጠበ። እርጥበቱ ጤዛ መሰለ፤ ኋላ አበጠ፤ ኋላ እንደ ምንጭ ቡልቅ ቡልቅ አለ። በውሃው ላይ አንድ የጤፍ እብቅ ተንሳፈፈ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ብዙ።

እንግዳውን ጠርተው አብረው ቆፈሩት። በድንበሩ ሆድ ውስጥ የፍልፈል መንገድ ተገኘ፤ ክንድ የሚያስገባ፣ ከእንግዳው ማሳ ጀምሮ ከደጊቱ ማሳ የሚወጣ ነው። እንግዳው ዶማውን ተደግፎ ጉድጓዱን አየ፤ አያ ታከለን አየ፤ መልሶ ጉድጓዱን አየ።

"ሌባው ይኼ ኑሯል?" አለ።

"ይኼ ነው።"

እንግዳው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንድፈነውና ይብቃ አያ ታከለ። ለእሷም የቀረውን ተራዋን ቀስ ብለው ይልቀቁላት። እርስዎ ሲሳሳቱ ታዩ ማለት የተቀጣው ሁሉ 'የእኔም ስሕተት ነው' ብሎ ሊመጣ ነው። የውሃ አባት ፍርድ አይታጠፍም ሲባል ለዚህ አይደለም?"

ምክሩ ክፉ ሰው የሚመክረው አልነበረም፤ ያስፈራቸውም ለዚህ ነው። ፍርድ ከታጠፈ ነገ "ዝጋ" ቢሉ ማን ይዘጋላቸዋል? ቤታቸው ገብተው ለእመት እታለም ነገሩን ዘርዝረው ነገሯቸው። እመት እታለም አዳምጠው ሲያበቁ "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነው" አሉ። "የእርስዎ ስም ነገም ይታጠባል። የእሷ ሽንኩርት ግን ነገን አይጠብቅም።"

አመሻሹ ላይ ያምሮት ከቡሬ ደወለች። ማጣሪያው ሠርቷል፤ የፈለገችውን ያህል አጥርቶ ባይሆንም መምህሯ ተቀብሎታል።

"ያ ልትዘጊው የነበረ ቀለበትስ?" አሉ አያ ታከለ።

"እሱም ይሠራል፤ ትንሽ ይወላውላል እንጂ። ምነው ጠየቁኝ?"

"እንዲያው ነው።"

ማክሰኞ በማለዳ አያ ታከለ አንድ ድንጋይ መርጠው ማጅራታቸው ላይ አደረጉ። በዳይ ወደ ተበዳይ የሚሄደው እንደዚያ ነው። የሄዱት ግን በጓሮ መንገድ ነው፤ ከሰው ዓይን ተደብቀው። ደጊቱ ደጇን ስትጠርግ ደረሱባትና ጎንበስ ብለው ቆሙ። ስለ እብቁም ስለ ፍልፈሉም ነገሯት። "በደልሁሽ። ስለ መድኃኔ ዓለም ይቅር በይኝ" አሉ።

ደጊቱ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀረች። እንባዋ መጣ፤ እንባው የንዴት ነበር። እንደ ወጉ ቢሆን "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብላ ድንጋዩን ማስወረድ ነበረባት።

"አያ ታከለ፣ ሲፈርዱብኝ በዚህ በጓሮ መንገድ መጥተው ነው የፈረዱብኝ?"

"አይደለም።"

"የት ነው?"

"ከጥልፉ፤ በሰው ፊት።"

"እንግዲያ ድንጋዩን እዚህ አያውርዱት" አለችና ዶማዋን ልታመጣ ወደ ቤት ገባች።

ያን ቀን የእናት ቦይ ጠረጋ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዶማና አካፋውን ይዞ ከጥልፉ ወጥቷል። አያ ታከለ ድንጋዩን ተሸክመው በትልቁ መንገድ ሄዱ፤ ደጊቱም ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከኋላቸው ተከተለች። መንገዱ ዳገት ነው። ድንጋዩ አንገታቸውን ይልጠው ጀመር። ያገኛቸው ሁሉ እየቆመ "ምን ሆኑ?" ይላል፤ እሳቸው አይመልሱም። ለአባ ለምን ጥያቄ ሳይመልሱ ማለፍ ከድንጋዩ ይከብዳቸው ነበር።

ጥልፉ ዘንድ ሲደርሱ ዶማው ሁሉ ጸጥ አለ።

"ደጊቱ አልሰረቀችም" አሉ ጎንበስ እንዳሉ። "ውሃው ከእንግዳው ማሳ በፍልፈል መንገድ ራሱ ነው የሄደው። እሷም ያለችው ይህንኑ ነበር። እናንተ ሣቃችሁ፤ እኔም ሣቅሁ። ሳልጠይቅ ፈረድሁባት።"

አድማሴ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተነሡ። "ታከለ፣ ምን ነክቶሃል? የውሃ አባት ፍርድ ከታጠፈ ውሃው ዳኛ የለውም ማለት ነው።"

"ልክ ነህ፤ ሌላ ምረጡ። እኔ ግን ይህን ፍርድ ይዤ ከመጨረሻው ማሳ ግርጌ መቀመጥ አልችልም።"

ደጊቱ ዶማዋን መሬት ላይ አኖረችና ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራታቸው አንሥታ አወረደችው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረች። "የውሃ አባት እስኪመረጥ ውሃው ይቆማል? ዛሬ ተራው የማን ነው?"

አያ ታከለ ቀና አሉ። የእሷ ነው ለማለት ልባቸው ፈለገ፤ ግን ሐሰት ነው። "የአድማሴ ነው። የአንቺ ሐሙስ ነው" አሉ።

ሰው ሁሉ አድማሴን አየ። አድማሴ መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። የውሃ አባት ሲሳሳት ማየት ከብዷቸዋል፤ ያን ማሳ ከውሃ አባቱ ጋር ሄደው ያዩት እሳቸውም መሆናቸው ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። "ዛሬ እሷ ታጠጣ" አሉ በመጨረሻ። "የእኔ ስንዴ እስከ ሐሙስ ይቆያል።"

ደጊቱ ቁልቁል ወርዳ የቦይዋን አፍ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያያት ከፈተች። ውሃው ወደ ሽንኩርቷ ሲገባ ከላይ የሚያይ ሁሉ አየ፤ የሣቀ አልነበረም።

ሌላ የውሃ አባት አልተመረጠም። የሽንኩርቱ ግማሽ ተነሣ፤ ግማሹ አልተነሣም። አያ ታከለ ያን ያልተነሣውን ግማሽ ደጊቱ ነቅላ እስክትጨርስ ድረስ በየጠዋቱ ወርደው ያዩት ነበር።